ማተሚያውን ያስቆመው «አዎ»

አብዱሽኩር «አዎ» ሲል ቃል አያወጣም። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፣ በቃ። አገር ቤት ሁላችንም እንደዚያ ስለምንል ማንም ልብ አይለውም። የእሱ ግን ይለያል። አጭር ነው፣ ፈጣን ነው፣ ላዩ ላይ ዓይን ማፍጠጥና ቅንድብ መስቀል ተጨምሮበታል። «በላህ?» ብለህ ስትጠይቀው እባብ የረገጠ ሰው ይመስላል። መብላቱን ነው የሚነግርህ።

እኔ ወንድምአገኝ እባላለሁ፤ እሱ በሚሠራበት ማተሚያ ቤት ሾፌር ነኝ። ያለነው ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ደማም ሁለተኛው የኢንዱስትሪ ከተማ ውስጥ ነው። ወረቀትና ቀለም አመጣለሁ፣ ሠራተኛ አመላልሳለሁ፣ ምሳ እገዛለሁ፣ በመሃል ደግሞ እቆጣለሁ። ትዕግሥት ሲታደል እኔ የኾበር መንገድ ተጨናንቆብኝ ያረፈድኩ ይመስለኛል። አብዱሽኩር ግን በሰዓቱ ደርሶ የእኔንም ድርሻ ሳይወስድ አልቀረም። አል ሙሐመዲያ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተን ስንኖር፣ እኔ ስጮህ እሱ ሲስቅ ነው ጊዜው የሄደው። እሱ የወሎ ልጅ ነው፣ የደጋን፤ እኔ የጉለሌ። እኔ ስጾም እሱ ሥጋውን ውጭ በልቶ ይመጣል፤ በረመዳን ደግሞ እኔ ቀን ቀን ክፍላችን ውስጥ ምግብ አላስገባም። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም፤ እንዲሁ ሆነ።

ማተሚያ ቤታችን የባንክ ቼክ ያትማል። ሰው ሁሉ በስልኩ በሚከፍልበት ዘመን ቼክ ማን ይፈልጋል እንዳትሉኝ፤ የሚፈልግ ባይኖር እኛም እንጀራ አይኖረንም ነበር። ቼክ ደግሞ እንደ ሰርግ መጥሪያ ዝም ብሎ አይታተምም። ወረቀቱን ባንኩ ራሱ ቆጥሮ ነው የሚሰጠን። ወደ ብርሃን ሲያነሱት ውስጡ የተደበቀ ምስል ይታያል፤ በኬሚካል ልፋቅህ ቢሉት ቀለሙን ለውጦ ያሳብቃል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ከግርጌው ያለው የቁጥር መስመር ነው። አይታችሁት ከሆነ ቁጥሮቹ ራሳቸው ያስቃሉ፤ አንዱ ሆዱ ተቀብትቷል፣ አንዱ እግሩ አብጧል። እንደዚያ የሆኑት ለውበት አይደለም። ቀለማቸው ውስጥ የብረት ብናኝ አለ፤ የባንክ ማሽን የሚያነባቸው በዓይን ሳይሆን በማግኔት ነው። ላያቸው ላይ በስክሪብቶ ብትሞነጫጭር እንኳ ከሥር ብረቱን ፈልጎ ያገኘዋል። ቀለሙ ከሳሳ ግን ማሽኑ አይሰማውም፤ ከወፈረም ግራ ይገባውና ቼኩን ይተፋዋል። ያን መስመር የሚያትመው አብዱሽኩር ነው።

የሚሠራበት ማሽን አሮጌ ነው፤ ጸባይም አለው። ከተነሳ በኋላ ደህና ይሄዳል። አንዴ ካቆሙት ግን ያኮርፋል፤ እንደገና ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ ሉሆች ላይ ቀለሙ ሳስቶ ይወጣል። እነዚያ ሉሆች «የተሰረዘ» የሚል ማኅተም ተመትቶባቸው የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ቼክ ስታትም ትልቁ ጥበብ ያለ ምክንያት አለማቆም ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አሁን ወደ ራውዳ ልምጣ። ራውዳ የአብዱሽኩር ሚስት ናት፤ እሷም የደጋን ልጅ። ለዕረፍት አገር ቤት ሄዶ ኒካሕ አሰረ፣ ተደገሰ፣ ተበላ፣ ከዚያ ዕረፍቱ አለቀና ሙሽራው ተመልሶ መጥቶ እኔ ጎን ተኛ። ከዚያ ወዲህ ትዳራቸው ያለው ስልክ ውስጥ ነው። ኔትወርኩ ምስል ስለማይጭን በድምፅ ብቻ ነው የሚያወሩት፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ራውዳም «አዎ» የምትለው ወደ ውስጥ ነዋ! ስልኩ ደግሞ ትንፋሽ ጫጫታ ይመስለውና ቆርጦ ይጥለዋል።

«ራውዳ፣ ትሰሚኛለሽ?» ይላል አብዱሽኩር። ጭጭ። «ትሰሚኛለሽ ወይ?» አሁንም ጭጭ። ስልኩን ከጆሮው አንስቶ ያየዋል፣ መልሶ ይለጥፈዋል፣ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ይቆማል። በመጨረሻ እሷ ትናደድና «አልኩህ እኮ!» ትላለች። ያችኛዋ ጥርት ብላ ትሰማለች። «ናፍቄሻለሁ?» ብሎ ሲጠይቃት ደግሞ እኔ ትራስ ጆሮዬ ላይ እጭናለሁ፤ እሱ ግን መልስ ሳያገኝ ይቀርና ወደ እኔ ዞሮ «ወንዴ፣ ዝም አለችኝ» ይላል። «ብላሃለች አንተ ሰው፣ ስልኩ ነው የበላብህ! በቃል ተናገሪ በላት!» ብዬ እጮህበታለሁ። አንድ ቀን እንዳልኩት ነገራት። ራውዳ እናቷ አጠገቧ ተቀምጠው በቃል እንዲህ ያለ ነገር መናገር እንደምታፍር ነገረችው። ወደ ውስጥ የሚባለውን እናትየው ቢሰሙትም እንዳልሰሙ ይሆናሉ። እውነቷን ነው፤ አስቡት፣ እንደዚያ ያለ አዎ ለባልና ሚስት የተሠራ ነው።

አብዱሽኩር ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። ሚስቱን አስመጥቶ ያችን ትንፋሽ በገዛ ጆሮው መስማት። የከለከለው ኢቃማው ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ሙያው «ዓሚል» ይላል፣ ተራ የጉልበት ሠራተኛ ማለት ነው፤ በዚያ ሙያ ሚስት ማስመጣት አልተፈቀደለትም። «ፈኒ» ቢባል፣ ማለትም ባለሙያ ቢባል፣ ማመልከት ይችላል። ካፊላችን፣ ማለትም አሠሪያችን አቡ ሙሳዒድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለሠራተኛው ያዝናል፣ ለቀልድም ቅርብ ነው፣ ግን ወረቀት ነገር ሲነሳበት እንቅልፍ ይመጣበታል። አብዱሽኩር ሙያዬን ቀይርልኝ ባለው ቁጥር «ነገ ኢንሻአላህ» ነው መልሱ። ያ ነገ ሳይነጋ ብዙ ጊዜ ሄደ።

ከዚያ የኾበሩ ባንክ መጣ። አዲስ ደንበኛ ነው፤ ቼኩን ሁሉ ለእኛ ሊሰጥ ፈለገ። ሁለት ነገር ግን ጠየቀ። አንደኛ፣ የራሱ ተቆጣጣሪ ቆማ እያየች የሙከራ ኅትመት እንዲደረግ። ሁለተኛ፣ ሙከራው ካለፈ የማግኔት መስመሩን የሚያትመው ሰው ኢቃማው ላይ ባለሙያ ተብሎ እንዲመዘገብ። አቡ ሙሳዒድ ይህን ሲሰማ እንቅልፉ ጠፋ። አብዱሽኩርን ትከሻውን ይዞ ሙከራው ባለፈ ማግስት ወረቀቱን ራሱ ይዞ እንደሚሄድ በአላህ ስም ማለለት። አብዱሽኩር ክፍላችን መጥቶ ሲነግረኝ የሚቀመጥበት ጠፍቶት ይዞር ነበር። ያ ሁሉ የኢቃማና የካፊል ወሬ ለእሱ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ሉሆቹ ካለፉ ራውዳ ትመጣለች።

የሙከራው ቀን የመጣችው የባንኩ ተቆጣጣሪ፣ በአክብሮት «ኡስታዛ» የምንላት ዓቢዳ ናት። የራሷን መኪና እየነዳች፣ ከዓባያዋ ሥር የፋብሪካ ጫማ አጥልቃ፣ የማግኔት መመርመሪያውን በትንሽ ሻንጣ ይዛ። ሥራዋን የምታውቅ ሴት መሆኗ ከአረማመዷ ያስታውቃል። የባንኩን ወረቀት አስረከበች፤ ከዚህ ሌላ ወረቀት እንደማይሰጥ፣ የሙከራው የቼክ ቅጠል ሳይቆራረጥ በተከታታይ መውጣት እንዳለበት ተናገረች። አንድ ሕግም አስቀመጠች። ተበላሽቶ ከወጣ ቼክ ዘግይቶ የወጣ ቼክ ይሻላል፤ ስለዚህ ማንም ሰው ስህተት ያየ ከመሰላት ወዲያው ቀይዋን ማቆሚያ ትጫናለች። እንዳለችውም ቀይዋ አጠገብ ቆመች። እኔ ምሳ ልገዛ ወጣሁ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በዓይኔ አላየሁትም፤ ከሁሉም አፍ እየለቃቀምኩ ነው የምነግራችሁ፤ ሁሉም ደግሞ እየሳቁ ስለነገሩኝ ትንሽ ሊዛነፍ ይችላል።

ማሽኑ ተነሳ። መጀመሪያ የሚወጡት ሳሳ ያሉት ሉሆች ተለዩና ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹ ሆዳቸውን ነፍተው፣ ጥቁር ብለው ይወጡ ጀመር። ኡስታዛ ዓቢዳ ደስ አላት። ለወሬ ያህል ቀለሙ አዲስ የተከፈተ ጣሳ መሆኑን አብዱሽኩርን ጠየቀችው። አብዱሽኩርም መለሰላት። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ቅንድቡ ተሰቀለ፣ ትንፋሹ ወደ ውስጥ እልም አለች።

ኡስታዛ ዓቢዳ ቀይዋን ተጫነቻት።

ማሽኑ ቆመ። እሷ ሉሁን አንስታ ወደ መብራት ይዛ መረመረች፤ እሱ ያየውን ስህተት እየፈለገች ነው። አብዱሽኩር ሌላ ሉህ አንስቶ እሱም መረመረ፤ እሷ ያየችውን ስህተት እየፈለገ ነው። ሁለቱም ጎን ለጎን አጎንብሰው፣ የሌለ ነገር ፍለጋ ዓይናቸው እስኪያለቅስ አፈጠጡ። በመጨረሻ እሷ ምንም አላገኘሁም አለች፤ እሱም ምንም አላገኘም። ማሽኑ ተነሳ፣ አኮረፈ፣ የሳሱት ሉሆች ማኅተም ተመቱ።

ሁለተኛው ዙር በደንብ ሄደ። ኡስታዛ ዓቢዳ ልቧ ስላልረጋ አሁንስ ደህና ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ደህና ነዋ! አብዱሽኩር ከበፊቱ ይበልጥ እርግጠኛ ስለነበር ከበፊቱ ይበልጥ ጠበቅ አድርጎ ሳበው። ቀይዋን ተጫነች። ሉሆች ተሰረዙ። የወረቀቱ ክምር ዝቅ አለ።

አሁን አብዱሽኩር ያልበው ጀመር። ይህች የባንክ ሴት ለእሱ የማይታይ ስህተት የሚያይ ዓይን አላት ብሎ ደምድሟል። እሷ በበኩሏ ይህ ሰው በየመሃሉ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር እያየ ሊነግራት የማይፈልግ መስሏታል። ስለዚህ ዞር ብላ ወረቀት የሚደርበውን ሻጂን ጠየቀችው። ሻጂ የሕንድ፣ የኬራላ ሰው ነው፤ ከአብዱሽኩር ጋር ትከሻ ለትከሻ እየሠራ ነው የኖረው። ይህ ሰው ሥራውን በደንብ ያውቃል ወይ አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ሻጂም ዓይኑን አፈጠጠና ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ።

አዎ፣ ሻጂ ተጋብቶበታል። ማን ልብ ብሎ! ኬራላዊው ሰውዬ አብሮ ሲውል፣ ሻይ ጠጣህ ሲሉት፣ ጨረስክ ሲሉት፣ እንደኛው ሆኖ ቀርቷል። ኡስታዛ ዓቢዳ ሮጣ ቀይዋን ተጫነቻት። ማሽኑ ደጋግሞ መቆሙን ሰምቶ አቡ ሙሳዒድ ከቢሮው ወጣ። በደብዳቤ የጻፋችሁልን ባለሙያ ይህ ሰው ነው ወይ ብላ ኮስተር አለችበት። አቡ ሙሳዒድ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ደማም ነው፤ አባቱም አያቱም የባሕር ሰዎች ናቸው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በሙሉ አክብሮት፣ ልክ እንደ ደጋን ሰው ትንፋሹን ሳበላት።

ኡስታዛ ዓቢዳ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሦስት ሰው፣ ሦስቱም አየር እንዳጠረው ሰው። ቀለም ጣሳውን አየች፣ የተዘጋውን መስኮት አየች፣ ነገሩ ገባኝ አለች። ጋዝ ነው። የቀለሙ ማሟሟቻ እየተነነ ሰዎቹን እየመረዛቸው ነው። ሁሉም እንዲወጣ አዘዘች። በሮች ተከፈቱ፣ ማሽኑ ጠፋ፣ የማተሚያ ቤቱ ሕዝብ በሙሉ ፀሐይ ላይ ተሰለፈ።

እኔ ሩዝና ዶሮዬን ይዤ የደረስኩት ያን ጊዜ ነው። የደማምን የቀትር ፀሐይ የማያውቅ ይህን አይረዳም፤ ሰው ወዶ እዚያ አይቆምም። ሻጂ አንገቱን አስተካክሎ ጥላ ፍለጋ መብራት ምሰሶ ሥር ቀጥ ብሏል። አቡ ሙሳዒድ የራስ መሸፈኛ ሽማጉን ውሃ ውስጥ ነክሮ አናቱ ላይ አድርጓል። ኡስታዛ ዓቢዳ ስልኳን አውጥታ ለባንኩ የደህንነት ክፍል ልትደውል ቁጥር ትፈልጋለች፤ ያ ስልክ ከተደወለ ሙከራው ተሰረዘ ማለት ነው፣ ራውዳም ደጋን ቀረች ማለት ነው። አብዱሽኩር ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱን ሳየው ምሳውን እንደያዝኩ ወደ እሱ ሄድኩ።

«ምን ሆናችኋል? ማሽኑ ቆመ እንዴ?» አልኩት።

አብዱሽኩር ቀና ብሎ አየኝና ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ።

«ተመልከቱ! ውጭ ወጥቶም አልተሻለውም» አለች ኡስታዛ ዓቢዳ በዓረብኛ፣ ጣቷን ወደ እሱ ቀስራ።

እኔ እሷን አየሁ፣ እሱን አየሁ፣ ሻጂን አየሁ። ሳቄ መጣ። የምሳውን ፌስታል መሬት አስቀምጬ በጉልበቴ ተደፋሁ። ሰዎቹ ጋዙ እኔንም የያዘኝ መስሏቸው ራቁኝ። እንባዬን እየጠረግሁ በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛዬ ለኡስታዛ ዓቢዳ አስረዳኋት። ይህ ሰው አልታመመም፣ አልደነገጠም፣ አልተመረዘም። ነዓም ማለቱ ነው። እናንተ ነዓም ወደ ውጭ ትላላችሁ፣ እኛ ወደ ውስጥ እንላለን። ምን እንደጠየቅሽው ባላውቅም የመለሰልሽ ነዓም ነው።

አላመነችኝም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አላምንም። እሺ ሐበሾቹ እንደዚያ ይላሉ እንበል፣ አቡ ሙሳዒድስ አለች። አቡ ሙሳዒድ ተቆጣ። ወላሂ እኔ እንደዚህ አድርጌ አላውቅም፣ እኔ የደማም ሰው ነኝ፣ ምን በወጣኝ አለ።

«በጭራሽ አድርገህ አታውቅም?» አለችው ኡስታዛ ዓቢዳ።

አቡ ሙሳዒድም እርግጠኛነቱን ለማሳየት ዓይኑን አፈጠጠና ትንፋሹን ሳበ።

የመጀመሪያው የሳቀው ሻጂ ነው። ከዚያ አብዱሽኩር። ከዚያ አቡ ሙሳዒድ ራሱ አፉን በእጁ ይዞ፣ ባለቤቱ ለምን በስልክ ሁልጊዜ «ምን ሆንክ? ምን ሆንክ?» እንደምትለው አሁን ገባኝ እያለ፣ እየሳቀ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ኡስታዛ ዓቢዳ መጀመሪያ ከንፈሯን ነክሳ ተቋቋመች፤ ኋላ ግን አልቻለችም፣ ዞር ብላ መኪናዋን ተደግፋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ነገሩ አላለቀም። ተመልሰን ገብተን ወረቀቱን ስናየው የቀረው ለአንድ ዙር ብቻ ነው፤ ያውም ማሽኑ አንዴም ሳይቆም ከሄደ። ኡስታዛ ዓቢዳ አዘነች። ወረቀት ልጨምርላችሁ አልችልም፣ ሕጉ የእኔ አይደለም፣ የማቆሚያውም ሕግ እንዳለ ነው አለች። ስለዚህ አሁን ማንንም ምንም አልጠይቅም፣ እናንተም አትተንፍሱ አለችን። አብዱሽኩር ወደ እኔ መጥቶ በአማርኛ ቀስ ብሎ «ወንዴ፣ ባልቆጣጠረውስ?» አለኝ። እኔ ደግሞ ማጽናናት ስለማልችልበት፣ ብትስባት አንገትህን ነው የማንቅህ አልኩት። ደስ አለው መሰለኝ ፈገግ ብሎ ቢስሚላህ አለና ማሽኑን አስነሳው።

እንደዚያ ያለ ዝምታ ቤተ ክርስቲያንም አልገጠመኝም። ማሽኑ ብቻ ነው የሚናገረው። የሳሱት ሉሆች ወጡ፣ ተለዩ። ጥቁሮቹ መጡ። አብዱሽኩር ከንፈሩን ጥርሱ ውስጥ ከቶ፣ እጁ ቀለሙን የሚያስተካክለው ቁልፍ ላይ ሆኖ ያያል። አቡ ሙሳዒድ ሽማጉን አፉ ላይ ጠምጥሟል። እኔ አንገቱን አንቃለሁ ያልኩት ሰውዬ ትንፋሼን ይዤ ልፈነዳ ነው። ክምሩ እያነሰ፣ እያነሰ፣ ሄዶ ሄዶ ከሥሩ ጠረጴዛው ብቅ ሊል ሲል፣ ያ ሻጂ የሚሉት ሰው፣ ለስንት ጊዜ እንደለመደው ሳያስብ ዞር ብሎ አብዱሽኩርን ሻይ ላምጣልህ ወይ አለው።

አብዱሽኩር ሻይ ይወዳል። ትንፋሹ ከማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ወደ ውስጥ ገባች።

የኡስታዛ ዓቢዳ እጅ ተወረወረ። ቀይዋ ላይ ሊያርፍ ትንሽ ሲቀረው አየር ላይ ቆመ። ጣቶቿ ተዘርግተው፣ ዓይኗ አብዱሽኩር ላይ። ማሽኑ ይሄዳል። እሱ ምንም ሳይናገር ቅንድቡን ከፍ አድርጎ በጭንቀት አያት፤ እሷም ቀስ ብላ፣ እንደሚናከስ ነገር አድርጋ፣ እጇን በሌላኛው እጇ ይዛ ወደ ደረቷ መለሰችው። የመጨረሻው ሉህ ገባ፣ ታተመ፣ ወጣ። ሻጂን ግን ማታ መኪናዬ ላይ አላሳፍርም ብዬ ነበር፤ አሳፈርኩት።

ኡስታዛ ዓቢዳ መመርመሪያዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ታሳልፍ ጀመር። ማሽኑ ባዶውን ይሽከረከራል፤ ማንም ማጥፋት ትዝ አላለውም። መመርመሪያው በየቅጠሉ ብረቱን ይሰማል፣ አረንጓዴ ያበራል፤ ሌላ ቅጠል፣ አረንጓዴ፤ ሌላ፣ አረንጓዴ። አብዱሽኩር ቀይዋ አጠገብ ቆሞ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ይሁን የራውዳ ስም አላወቅሁም። የመጨረሻውን ቅጠል አሳለፈች። አንገቷን ቀና አላደረገችም። አቡ ሙሳዒድ ሽማጉን ከአፉ ፈታና ጠየቃት።

«ኡስታዛ፣ ኸላስ? አለፍን?»

ኡስታዛ ዓቢዳ ቀና አለች። ዓይኗ ፈጠጠ፣ ቅንድቧ ተሰቀለ፣ ትንፋሿ ወደ ውስጥ ገባ።

ምን ማለቷ ነው? ስህተት አግኝታ ደንግጣ ነው ወይስ… እንዲያ ያለውን ነገር ስንል የኖርነው እኛ፣ ፍቺው ጠፋን። አቡ ሙሳዒድ እኔን አየኝ፣ እኔ ሻጂን አየሁት። አብዱሽኩር ግን መቋቋም አልቻለም፤ ዘሎ ቀይዋን ተጫናት። ባዶውን ይዞር የነበረው ማሽን እያቃሰተ ቆመ።

ኡስታዛ ዓቢዳ ምን ሆናችሁ በሚል ዓይን ሁላችንንም ዞራ አየችን። ከዚያ የራሷን አፍ በእጇ ያዘች። ገባት።

«ነዓም» አለች፣ ቃሉን አጥብቃ፣ ወደ ውጭ። «ነዓም ማለቴ ነው። አልፋችኋል።»

የሆነውን ልንገራችሁ ብል አልችልበትም። አቡ ሙሳዒድ አብዱሽኩርን ከመሬት አነሳው። ሻጂ በኬራላ ቋንቋ አንድ ነገር እየደጋገመ ይዘላል። እኔ በንዴት ነው በደስታ በማላውቀው ምክንያት ቅድም የቀዘቀዘውን ዶሮ ለሰው ሁሉ እያደልኩ ብሉ፣ ብሉ እያልኩ እጮህ ነበር። ኡስታዛ ዓቢዳ አንድ እግር ወሰደች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ልትሄድ ስትል አብዱሽኩር መስኮቱ ጋ ሄዶ ከባንኩ ደብዳቤ ቶሎ ይመጣል ወይ ብሎ ጠየቃት። ምን ብላ እንደመለሰችለት ታውቃላችሁ፤ ኾበር ያሉ የሥራ ባልደረቦቿን አላህ ይርዳቸው።

አቡ ሙሳዒድ ቃሉን ጠበቀ። በማግስቱ አይደለም፣ ነገ ኢንሻአላህ የሚለው ልማዱ ሁለት ሦስቴ ተነስቶበት ነበር፤ ግን የባንኩ ደብዳቤ ከኋላው ስለነበር ሄደ። አብዱሽኩር ኢቃማው ላይ ፈኒ ሆነ። የራውዳ ቪዛ ወጣ። አል ፈይሰሊያ ሰፈር አንዲት ትንሽ ቤት ተከራየና ዕቃውን ከክፍላችን አወጣ፤ እኔም መጋረጃ ሰቅዬለት፣ ተጣምሟል ብሎኝ፣ ተጣልተን፣ መልሰን ሰቀልነው።

አውሮፕላን ማረፊያ የወሰድኩት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ ምን እንደሚላት ሲያጠና ነበር። አህለን ወሰህለን ብሎ ይጀምራል፣ አይ ይላል፣ እንኳን ደህና መጣሽ ይላል፣ አይ እሱም ያንሳል ይላል። እንደመጣልህ ተናገር ብዬ ጮህኩበት። መውጫው በር ተከፈተ፣ ሰው ጎረፈ፣ ከሰዎቹ መሃል ራውዳ አረንጓዴ ሻሽ አድርጋ፣ ሻንጣዋን በሁለት እጇ እየገፋች ብቅ አለች። ፎቶዋ ላይ ከማውቃት ይልቅ አጠር ትላለች። እሱን አየችውና ቆመች። አብዱሽኩርም ፊቷ ሄዶ ቆመ፤ ያጠናው ሁሉ ጠፋው። በመሃላቸው የነበረው ሻንጣዋ ብቻ ነው። ከአፉ የወጣው ያው ስልክ ሲያነሳ የለመደው ነው።

«ራውዳ፣ ትሰሚኛለሽ?»

እኔ ይህን ስሰማ ግንባሬን መታሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል ቅንድቧን ከፍ አደረገችና ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። የሚቆርጠው ስልክ በመሃል አልነበረም። እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ እንኳ ሰማሁት።